የመጀመሪያው ገዥና የመጀመሪያው ሻጭ

የቦርከና ወንዝ በሚያጠጣው በጨፋ ሜዳ የኦሮሞው ገበሬ ማሾና ማሽላ ያመርታል፤ የአፋሩ አርብቶ አደርም በጋው ሲጸናበት ሣርና ውኃ ሽቶ ከብቱንና ግመሉን እየነዳ ይወርዳል፤ እነዚህን ሁለት ወገኖች፣ ከጎረቤቶቻቸው ከአማራውና ከአርጎባው ጋር፣ ሲያገናኝ የኖረው ገበያ ነው። ሜዳው በሚገኝበት በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ሰንበቴ በእሑድ፣ ባቲ በሰኞ ይቆማሉ፤ ጥሪ ሳይደረግ፣ አዋጅ ሳይነገር፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ይተማል።

ዛሬ ከጨፋ ሮቢትም ሆነ ከከሚሴ ተነሥተው በስልክ የሚሠራ ገበያ ለማቆም የሚያስቡ ወጣቶች ይህን ልማደ አበው ሊመረምሩት ይገባል። ፈተናቸው ከጥበበ እድ ይልቅ ከሰው ኅሊና የሚመነጭ ነውና፤ ሻጭ ገዥ ወደሌለበት ዕቃውን አያወጣም፣ ገዥም ሻጭ ወደሌለበት ፊቱን አይመልስም፤ ሁለቱም አንዱ ሌላውን ሲጠባበቁ አዲሱ ገበያ ሳይቆም ይፈርሳል። አባቶቻችን ይህን እንቅፋት ያለፉት ሁሉን በአንድ ቀንና በአንድ ሥፍራ በማሰባሰብ ነበር፤ ስድስት ቀን ቢበተን የሚሳሳው ሕዝብ በአንድ ቀን ሲከማች ብዙ ይሆናልና፣ እያንዳንዱም ሌላው እንደሚመጣ ሳይጠራጠር ከቤቱ ይወጣል።

በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. በበቆሎ ሥራውን ሲጀምር ይኸው ፈተና ገጥሞታል። የመገበያያው አዳራሽና የመጋዘኑ ሥርዐት ቢደራጅም፣ በዚያ የሚያልፈው እህል ጥቂት ነበር። የሰመረለት በ2001 ዓ.ም. አብዛኛው የቡና ንግድ በሕግ ኃይል ወደ እርሱ በገባ ጊዜ ነው። በ2006 ዓ.ም. የጨፋና የአካባቢው ገበሬ የሚያመርተው ማሾ በተጨመረ ጊዜ ግን የገበያው መታመን አስቀድሞ ተመሥርቶ ነበር፤ እህሉ በመጋዘን ተመዝኖ ደረጃ ይሰጠዋል፣ ስለዚህ ገዥው በዓይኑ ሳያየው ይገዛል፤ ሻጩም ገንዘቡ በማግሥቱ በባንክ እንደሚገባለት ያውቃል።

የሕግ ኃይል የሌለው ግለሰብ ምን ያድርግ? ይህን የውጭው ዓለም ታሪክ ያስረዳል። አማዞን በ1995 እ.ኤ.አ. ሽያጭ ሲጀምር የሸጠው መጽሐፍ ብቻ ነበር፤ የቻይናው የበይነ መረብ ገበያ ታኦባኦ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ከሻጮች ክፍያ አልጠየቀም፤ ከእርሱ ጋር የተሠራው አሊፔይ ደግሞ ገዥው ዕቃውን መረከቡን እስኪያረጋግጥ ድረስ ገንዘቡን በአደራ ያቆይ ነበር። የመጀመሪያው መንገድ ንግዱን በአንድ ዕቃ ማጥበብ፣ ሁለተኛው ሸክምን ማቅለል፣ ሦስተኛው ዋስ መሆን ነው።

እነዚህ ሦስቱ ለሀገራችን ባዕድ አይደሉም። ዋስ መሆንን ብንወስድ፣ ደላላ በከብት ገበያ የሚከበረው ሻጩንም ገዥውንም ስለሚያውቅ ነው፤ ስለዚህ አዲሱን ገበያ የሚያቆም ሰው ደላላውን እንደ ጠላት ከማራቅ ይልቅ የመጀመሪያ ምእመኑ ቢያደርገው፣ ያ ሰው ብዙ ዘመን ያፈራውን መታመን ይዞለት ይገባል። ለክፍያውም ቢሆን ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ቴሌብር አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1205ም በኤሌክትሮኒክስ ለሚደረግ ውል ሕጋዊ ጽንዓት ሰጥቶታል። መሣሪያው ተሟልቷል፤ የሚጎድለው ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ እናንተ የከሚሴና የጨፋ ሮቢት ወጣቶች ሆይ፣ ኢትዮጵያን በሙሉ በአንድ ቀን ለማገበያየት አትጣደፉ። ማሾን ብቻ ያዙ፤ የገበያ ቀንና ሰዓት ወስኑ፤ ጥቂት የታወቁ ገበሬዎችንና ጥቂት የታወቁ ነጋዴዎችን በየቤታቸው ሄዳችሁ ራሳችሁ አምጧቸው፤ ሚዛኑ ቢጎድል፣ እህሉ ከተባለው ደረጃ ቢያንስ፣ ጉዳቱን እናንተ ካሱ። የመጀመሪያው ገዥና የመጀመሪያው ሻጭ ሳይከፉ ከተለያዩ፣ ሌላውን ሰው የሚጠሩላችሁ እነርሱ ናቸው።