ከገለባ ተሠርቶ ወደ አፈር ስለሚመለሰው ፕላስቲክ

በአዲስ ዘመን ከተማ አጠገብ የሚገኘው የጣራ ገዳም ደን በገዳሙ ተጠብቆ የኖረ ነው። በዚህ ደን ውስጥ የወይራው ቅጠል ከዛፉ ይረግፋል፤ ዝናም ይመታዋል፤ ጥቂት ጊዜ ቆይቶም ቅጠልነቱ ጠፍቶ አፈር ይሆናል። ይህንንም ሥራ የሚሠሩት ሰው በዓይኑ ሊያያቸው የማይችል እጅግ ጥቃቅን ሕያዋን ናቸው። ነገር ግን ነፋስ ያመጣው አንድ ፌስታል በዚያው ወይራ ሥር ቢወድቅ፤ ቅጠሉ ስንት ጊዜ ረግፎ ስንት ጊዜ አፈር ሲሆን፤ እርሱ ሳይበሰብስ ይኖራል። ጥቃቅኖቹ ሕያዋን ምግብ አድርገው አይቆጥሩትምና ይተዉታል።

የደኑ ጉዳት ወደ ቤትም ይመጣል። ጨው ወይም የምግብ ፍርፋሪ የነካው ፌስታል ከደጅ ሲጣል ላም ከነፍርፋሪው ትውጠዋለች። ፌስታሉ በሆዷ አይፈጭም፤ እየተጠቀለለ ይከማችና መብላት ይከለክላታል፤ በመጨረሻም ከስታ ትሞታለች። ላም ለደብረ ታቦርና ለአካባቢው ባላገር የልጆቹ ወተት፤ የበሬው እናትና የምድጃው ኩበት ናትና፤ በቸልታ የተጣለ አንድ ፌስታል የአንድን ቤተ ሰብ ኑሮ ሊያናጋ ይችላል።

ስለዚህም ነገር በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513፤ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጥና የማይበሰብስ ፌስታል እንዳይሠራና ወደ አገር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግለውን ፌስታል የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጸደቀ። ሕግ ግን የሚከለክለውን ይነግራል እንጂ በምትኩ የሚያዘውን ዕቃ አይሠራም። እንግዲህ ሊቃውንት በምትኩ ምን እንዳዘጋጁ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አግኝተነዋል።

ነገሩ ለቤት እመቤት እንግዳ አይደለም። ካለፈው ሊጥ የተረፈውን እርሾ ወስዳ በአዲሱ ዱቄት ላይ ስትጨምር፤ በእርሾው ውስጥ ያሉትን ጥቃቅን ሕያዋን ወደ አዲስ ምግብ ማዛወሯ ነው። እነርሱም የዱቄቱን ስኳር እየበሉ ሊጡን ያኮመጥጡታል። ወተትን እርጎ የሚያደርጉት፤ የብቅሉንም ጥንስስ ጠላ የሚያደርጉት የእነርሱ ወገኖች ናቸው። ፈረንሳዊው ሊቅ ሉዊ ፓስተር በ1849 ዓ.ም. ገደማ ወተት የሚኮመጥጠው በሕያዋን ሥራ መሆኑን አስረዳ። ከእነዚህ ሕያዋን ብዙዎቹ ባክቴሪያ ይባላሉ።

ከባክቴሪያዎችም መካከል ምግብ ሲተርፋቸው የሚያከማቹ አሉ። በግ በጥጋብ ጊዜ በላቱ ስብ እንደሚያኖር፤ እነርሱም ስኳር በዝቶላቸው ነገር ግን ናይትሮጅንን የመሰለ ለመባዛት የሚያስፈልጋቸው ሌላ ምግብ ሲጎድላቸው፤ ስኳሩን ወደ ጥቃቅን ፍሬ ለውጠው በአካላቸው ውስጥ ያስቀምጡታል። ሞሪስ ለምዋኝ የተባለ ፈረንሳዊ በፓሪስ በፓስተር የምርምር ተቋም ይህን ፍሬ መርምሮ በ1918 ዓ.ም. ገደማ ምንነቱን አስታወቀ። ስሙም ፖሊሃይድሮክሲቡቲሬት ይባላል። በ175 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ይቀልጣል፤ በቅርጽ ይፈስሳል፤ ሲቀዘቅዝም እንደ ፕላስቲክ ይጠነክራል። ከነዳጅ ዘይት የሚሠራውን ፌስታል የሚተዉት የአፈር ሕያዋን ይህን ግን ወገናቸው ያከማቸው ስንቅ ስለ ሆነ አውቀው ይበሉታል።

በ1982 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር የጠጉር መታጠቢያ ሳሙና በዚህ ፕላስቲክ ጠርሙስ ተሸጦ ነበር። ነገር ግን ዋጋው ከነዳጁ ፕላስቲክ እጅግ የበለጠ ስለ ነበረ አልተስፋፋም። ለባክቴሪያው የሚቀርበው ስኳር ብቻውን የወጪውን ግማሽ ያህል ይወስዳልና፤ ሊቃውንቱ ስኳሩን ከእርሻ ተረፈ ምርት ለማውጣት አሰቡ።

በአገራችንም አንተነህ ጌታቸውና ፋንታሁን ወልደሰንበት የተባሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ፈትነው ውጤቱን በ2009 ዓ.ም. አሳትመዋል። ከልዩ ልዩ ስፍራ 50 ባክቴሪያዎችን ለይተው ፍሬውን የሚያከማቹትን 10 መረጡ፤ ከእነዚህም የበለጠው ከአርባ ምንጭ ፍሳሽ ውሃ የተገኘው፤ ባሲለስ ከሚባለው ወገን የሆነው ነው። ይህ ባክቴሪያ በ37 ዲግሪ ሙቀት በ48 ሰዓት ውስጥ መልካም ሥራ ሠራ። የሸንኮራ አገዳ ገለባ ሲቀርብለት ከደረቅ አካሉ ከመቶ 55.6 እጅ፤ የበቆሎ ቆረቆንዳ ሲቀርብለት 51.6 እጅ፤ የጤፍ ጭድ ሲሆን 37.4 እጅ፤ የሙዝ ልጣጭ ሲሆን 25 እጅ ይህ ፍሬ ሆኖ ተገኘ። ይህ ቁጥር የሚቆጠረው ከባክቴሪያው አካል ነው እንጂ፤ ከመቶ ኪሎ ጭድ 37 ኪሎ ፕላስቲክ ይወጣል ማለት እንዳልሆነ ማስተዋል ይገባል።

አሠራሩም በአጭሩ እንዲህ ነው። ገለባው ይፈጫል፤ በውሃ በቀጠነ አሲድ ይቀቀላል፤ ስኳሩም ከእንጨታማው ክፍል ተለይቶ ይወጣል። የአሲዱ ኃይል ከበረደ በኋላ ባክቴሪያው እንደ እርሾ ይጨመርበታል፤ በልክ ሙቀት እየተናጠም ይቦካል። ከዚያም ባክቴሪያው ተሰብስቦ አካሉ በበረኪና ይፈርሳል፤ ፍሬው በክሎሮፎርም ተለይቶ ይወጣል። ክሎሮፎርም መርዝ ስለ ሆነ፤ ሥራው ከእንጀራ ሊጥ ጋራ ቢመሳሰልም በጓዳ የሚሞከር አይደለም።

አሁን ለእኛ ዋናው ጥያቄ ገለባው ከወዴት ይመጣል የሚለው ነው። በብዙ የውጭ አገር መጻሕፍት ገለባ የእርሻ ቆሻሻ ተብሎ ይጠራል። በፋርጣና በጉና ተራራ ሥር ለሚኖረው ባላገር ግን የጤፍና የገብስ ጭድ በበጋ የበሬው ቀለብ ነው፤ የጤፉም ጭድ ከጭቃ ጋራ ተረግጦ የግድግዳው ምርጊት ይሆናል። ለፋብሪካ ተብሎ ጭዱ ቢወደድ፤ ገዝቶ የሚያበላው ድኃ በሬውን በምን ያኖረዋል? ላምን ከፌስታል ለማዳን ብሎ የላምን ቀለብ መውሰድ ማዳን አይባልም።

ስለዚህ የሚሻለው ከብት የማይፈልገውን ነገር መምረጥ ነው። በፎገራ ሜዳ የሚበቅለው ሩዝ በወረታ ሲፈለፈል የሚቀረው ቅርፊት አሸዋ መሰል ነገር የበዛበት ስለ ሆነ ለመኖ እምብዛም አይረባም። ከላይ ከተፈተኑት 4 ነገሮች ውስጥ አልነበረም፤ አሸዋማነቱም ስኳሩን ለማውጣት ያስቸግራል። ቢሆንም በደብረ ታቦርና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ለሚማሩ ወጣቶች፤ በወረታም ላለው የሩዝ ምርምር ማዕከል፤ ከደጃቸው የተገኘ የምርምር ርእስ ነው።

ሁለተኛው ችግር ብርዱ ነው። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል ከ2,600 ሜትር በላይ የተቀመጠች ደጋ ናትና፤ ሊጥ እንኳ በክረምት ወደ ምድጃ ካልቀረበ ቶሎ አይቦካም። ለዚህ ባክቴሪያ 37 ዲግሪ ሙቀት ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ሊጠበቅለት ያስፈልጋል። ይህ ሙቀት ከደን በተቆረጠ እንጨት የሚገኝ ከሆነ፤ ደኑን ከፌስታል አድነን ለመጥረቢያ አሳልፈን ሰጠነው ማለት ነው። ሥራው በቆላ ወይም ኤሌክትሪክ በበቂ ባለበት ስፍራ ቢጀመር ይሻላል።

ለእመቤቶቻችንም አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። «ይበሰብሳል» ተብሎ የሚሸጥ ከረጢት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ለምሳሌ ወተትን ከሚያኮመጥጠው ከላክቲክ አሲድ የሚሠራው ፕላስቲክ፤ 60 ዲግሪ ያህል በሚግል የብስባሽ ክምር ውስጥ ካልገባ በብርዳም አፈር ውስጥ ብዙ ዘመን ይቆያል። ከባክቴሪያ ፍሬ የሚሠራውም ቢሆን በአፈር ውስጥ ጊዜ ይፈልጋል እንጂ በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ከብት ቢውጠው አይጎዳም ማለትም አይደለም። ስለዚህ ማንኛውንም ከረጢት ሜዳ ላይ መጣል አይገባም።

አዲሱ ጥበብ ተስፋ የሚጣልበት ነው፤ ዋጋው እስኪረክስና ፋብሪካው እስኪቆም ግን ዘመን ይፈልጋል። እስከዚያው ድረስ ከአክርማና ከስንደዶ የተሰፋው አገልግል ለስንቅ፤ ዘንቢልም ለገበያ በየቤቱ አለ። እነዚህ ደግመው ደጋግመው ያገለግላሉ፤ ባረጁም ጊዜ ሣራቸው እንደ ወይራው ቅጠል አፈር ይሆናል። የቤቱ እመቤት ወደ ገበያ ስትልክ ዘንቢሉን አስይዛ ብትልክ፤ ባለሥልጣኑም በቤቱ ይህን ቢያስለምድ፤ አዋጁ ከወረቀት ወደ ሥራ ይወርዳል፤ ላሚቱም ትድናለች።