ሶኬት ይጨመራል፣ መስመሩ ያው ነው

ጠጋ በሉ፤ ይህን እኛ ኤሌክትሪሺያኖች እርስ በርሳችን እንጂ ለባለቤት አናወራውም። ያረጀ ቤት ውስጥ ሶኬት እንዲጨምር የተጠራ ባለሙያ የሚዋዋለው በፖይንት ነው። አንድ ሶኬት፣ አንድ ፖይንት። ሽቦው ከቆጣሪ ሥር ተነስቶ ይምጣ ወይም አጠገቡ ካለ ሶኬት ላይ ይጠለፍ፣ የሚከፈለው ያው ነው። የመጀመሪያው ቀን ይፈጃል፤ ሁለተኛው የቀረበለት ሻይ ሳይቀዘቅዝ ያልቃል። የትኛውን እንደሚመርጥ ገምቱት።

«ልጄ፣ እዚህች ጋ አንዲት ሶኬት ብቻ አውጣልኝ፤ ፍሪጁን ላስቀምጥበት» ይላሉ እማማ። «እሺ እማማ፣ ቀላል ነው» ይላል። ካቻቢቴውን ያወጣል፣ ቅርብ ያለውን ሶኬት ይፈታል፣ ሁለት ሽቦ ያስርበታል፣ በግድግዳው ላይ ይስበዋል፣ በናስትሮ ጠቅልሎ ይከድናል። አዲሱ ሶኬት ነጭ ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ደስ ይላል። ከጀርባው ያለው ሽቦ ግን ለሁለት አምፖልና ለአንድ ሬዲዮ የተዘረጋ ሊሆን ይችላል። አፍ ጨመሩ እንጂ ጉሮሮው አልሰፋም።

ቁጥሩን ልንገራችሁ። በልማድ ለመብራት ባለ 1.5፣ ለሶኬት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ እንዘረጋለን። የመጀመሪያውን ባለ 10 አምፔር ብሬከር ይጠብቀዋል፣ ሁለተኛውን ባለ 16። በ220 ቮልት 16 አምፔር ማለት 3,520 ዋት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ወደ 3,500 እና ከዚያም በላይ ይስባል። ስለዚህ ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት ያ መስመር ሞልቷል፤ የውኃ ማፍያም፣ ካውያም፣ ሌላ ምድጃም ቦታ የለውም። ደግሞ ሙቀቱ ከጭነቱ እኩል አይጨምርም። በሽቦው የሚያልፈው አምፔር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ዲቫይደር ላይ ሌላ ዲቫይደር የሰካ ሰው ይህን ሒሳብ አያየውም፤ ፕላስቲኩ ቢጫ ሲል፣ ከዚያም ሲሸት ነው የሚያውቀው።

የጭቃ ቤት ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሽቦው በቱቦ ውስጥ ሳያልፍ በልስኑ ውስጥ የተቀበረበት ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ አሮጌውን ስቦ አዲስ ማስገባት አይቻልም። ኮርኒስ ላይ ስንወጣ አቧራ የጠጣ፣ ጎማው የሚፈረፈር፣ አይጥ የከረከመው ሽቦ እናገኛለን። ስንነካው ይብሳል፤ ስለዚህ አንነካውም። ከታች ሆነን «ደህና ነው» እንላለን። በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ተወርሰው ኪራያቸው ከ100 ብር በታች በመሆኑ ለቀበሌ የተሰጡት ቤቶች ላይ ነገሩ ይከፋል። ተከራዩ «የእኔ ቤት አይደለም» ይላል፣ አከራዩ የለም ማለት ይቻላል፤ ሙሉ መስመር ለማስቀየር ገንዘብ የሚያወጣ ሰው ስለማይገኝ ሶኬት በሶኬት ላይ እየተጠለፈ ይኖራል።

አሁን ድምፄን ዝቅ ላድርግ። መኝታ ቤት ሶኬት ፈልጋችሁ ባለሙያው ከማብሪያ ማጥፊያው ሥር ቢያወጣላችሁ፣ ኒውትራሉን፣ ማለትም የመመለሻውን ሽቦ፣ ከየት እንዳመጣ ጠይቁት። በድሮ አሠራር ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ይገባል፣ ወደ አምፖል ይወጣል፣ በቃ፤ ኒውትራል የለም። ሶኬት ደግሞ ያለ ኒውትራል አይሠራም። ስለዚህ ከሌላ ክፍል መስመር «ይበደራል»። ሁሉም ነገር ይሠራል፤ እንከኑ የሚታየው ከዓመታት በኋላ ሌላ ባለሙያ የአንዱን ክፍል ብሬከር አጥፍቶ፣ ጠፍቷል ብሎ ሽቦውን ሲፈታ ነው። የተበደረው ኒውትራል የሌላውን ክፍል ጭነት ተሸክሞ ይጠብቀዋል።

ከዚህ የባሰ አለ። ባለ ሦስት ቀዳዳ ሶኬት ግዙ ሲባል የምትገዙት ለመሬቱ፣ ማለትም ለኧርዙ ብላችሁ ነው። ቤቱ ግን ኧርዝ የለውም። ባለሙያው ሶኬቱ ውስጥ ኧርዙንና ኒውትራሉን በአጭር ሽቦ ያገናኛቸዋል። መሞከሪያ ሲሰካበት ሁሉም ትክክል ይላል። ነገር ግን ኒውትራሉ አንድ ቦታ ላይ ቢላቀቅ፣ ያረጀ ቤት ውስጥ ደግሞ የሚላቀቀው እሱ ነው፣ ፌዙ በፍሪጁ ውስጥ አልፎ በዚያች አጭር ሽቦ በኩል ወደ ፍሪጁ ቆርቆሮ ይመለሳል። በባዶ እግሩ ቆሞ በሩን የሚከፍተውን ልጅ ይነዝረዋል፤ ሊገድለውም ይችላል። በእኔ ሚዛን የውሸት ኧርዝ ካለው ቤት ምንም ኧርዝ የሌለው ይሻላል፤ የሌለው ቢያንስ አያታልልም።

ኧርዝ ማስቀበር ካልተቻለ ባለ 30 ሚሊአምፔር አርሲዲ ይግባ። እሱ የሚያየው በፌዝ የሄደው በኒውትራል መመለሱን ነው፤ ከጎደለ፣ የጎደለው በሰው አልፎ ሊሆን ስለሚችል በቅጽበት ያጠፋል። ኧርዝ ባይኖርም ይሠራል። ታዲያ ለምን አናስገባውም? ምክንያቱም አሮጌ ምጣድ ሲጣድ ይወርዳል። ምጣዱ ኃይል ስለሚያፈስ ነው የሚወርደው፤ የቤቱ እመቤት ግን እንጀራ መሐል ጠፋብኝ ብለው የሚጠሩት እኛን ነው፤ ለዚያ ምልልስ ደግሞ አይከፈልም። ብሬከርም እንዲሁ ነው። ባለ 10ው ደጋግሞ ሲወርድ ባለ 32 እንተካና እንገላገላለን። ብሬከሩ ዝም ይላል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ፊውዝ የሚቃጠለው ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ሽቦውን ራሳችሁ የምትገዙ ከሆነም ጆሮ ስጡኝ። «ባለ 2.5» ተብሎ የተጻፈበት ሁሉ ባለ 2.5 አይደለም። ሱቅ ውስጥ ሚዛን ካለ አስመዝኑት። በ100 ሜትር ጥቅል ውስጥ ያለው መዳብ ብቻ 2.2 ኪሎ ግራም ግድም መሆን አለበት፣ ፕላስቲኩን ሳይጨምር። ጥቅሉ በሙሉ ተመዝኖ 2 ኪሎ ካልሞላ ወይ ሜትሩ ጎድሏል፣ ወይ ሽቦው ቀጥኗል፣ ወይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጉት፤ ከሥሩ ነጭ ከታየ መልሱት።

እንግዲህ ባለሙያ ስትጠሩ «ሶኬት ጨምርልኝ» አትበሉ፤ «ከቆጣሪው ሥር አዲስ መስመር አውጣልኝ» በሉ። ዋጋው ይወደዳል፣ ፊቱም ይለወጣል። ለምጣዱ የራሱ ብሬከር ያለው ባለ 4 ወይም ባለ 6 ሽቦ፣ ለሌሎቹ ሶኬቶች ባለ 2.5፤ አሮጌው መስመር ለአምፖል ብቻ ይቅር። ሽቦው በግድግዳው ላይ በግልጽ ቦይ ቢያልፍ አትፈሩት፤ አያምርም፣ ግን ነገ ይፈተሻል። የቆጣሪውን ማኅተም እነካለሁ ካላችሁ ግን አሰናብቱት፤ እስከ ቆጣሪው ያለው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ንብረት ነው፣ መዘዙ ለእናንተ ነው የሚተርፈው።

ሥራው አለቀ ሲላችሁም ቶሎ አትክፈሉ። «አንድ ጊዜ እንጋግርበት» በሉት፤ ቡና ይጠጣ። ግማሽ ሰዓት ከተጋገረ በኋላ ብሬከሩን አጥፉ፣ መሰኪያውን ንቀሉና የሶኬቱን ፊት በእጅ ጀርባ ንኩት። ለብ ማለት ያለ ነው። ካቃጠለ ብሎኑ አልጠበቀም ወይም ሽቦው አልቻለም፤ እዚያው ይፍታው።