ከመርካቶ በፍላሽ የመጣ ራውተር

ባለፈው ክረምት ታናሽ ወንድሜ «መርካቶ አብረን እንሂድ» አለኝ። ልጁ ኔትወርክ እየተማረ ነው፤ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የሲስኮ ፈተና ለመውሰድ ያስባል። ሊገዛ የፈለገው ግን ራውተር አልነበረም፤ የራውተር «ኢሜጅ» ነው።

እኔ የተማርኩት ኢኮኖሚክስ ስለሆነ ኢሜጅ ሲለኝ ፎቶ መስሎኝ ነበር። አውቶቢስ ተራ እስክንደርስ ታክሲ ውስጥ አስረዳኝ። ራውተር ማለት ትንሽ ኮምፒውተር ነው። ስልካችሁ አንድሮይድ እንዳለው ሁሉ ራውተርም የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አለው፤ ያ ሲስተም በአንድ ፋይል ሲታሸግ ኢሜጅ ይባላል። የሲስኮው አይኦኤስ ነው ስሙ። (አዎ፣ እንደ አይፎኑ። ስሙ ቀድሞ የሲስኮ ነበር፤ አፕል እ.ኤ.አ. በ2010 ፈቃድ ወስዶ ነው የሚጠቀምበት።)

ምናለሽ ተራ ቢፈለግ አሮጌ ራውተር አይጠፋ ይሆናል። ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ዕቃ መጨረሻው እዚያ አይደል? ግን ለአንድ ልምምድ ሦስት አራት ራውተር ይፈለጋል፤ ገንዘቡም ቦታውም የለንም። መፍትሔውን ያመጣው ክሪስቶፍ ፊዮ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ዳይናሚፕስ የተባለ ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ የሲስኮ 7200 ራውተርን ፕሮሰሰር ኮምፒውተር ውስጥ አስመስሎ ይሠራል፤ ስለዚህ እውነተኛው አይኦኤስ ራውተር ላይ ያለ መስሎት ይነሳል። በኋላ ጂኤንኤስ3 መጣና ሥራውን በማውስ እየጎተቱ ራውተር ከራውተር ወደ ማገናኘት አቀለለው። ሁለቱም በነፃ ይወርዳሉ። ኢሜጁ ግን አብሮ አይመጣም፤ የሲስኮ ንብረት ነውና።

መርካቶ የገባነው ለዚህ ነበር። ፊልም፣ ጌም፣ ዊንዶውስ፣ የፈለጋችሁትን ፍላሽ ላይ የሚጭን ልጅ ጋ ደረስን። ወንድሜ የፋይሎቹን ስም በወረቀት ጽፎ ሰጠው። ልጁ አንዴ አየት አድርጎ «አለ ወንድሜ፣ ሁሉም አለ» አለ። አሥር ደቂቃ እንኳን አልፈጀም። «ሕጋዊ ነው ግን?» ብዬ ጠየቅኩት፤ የተማረ ሰው ልምሰል ብዬ። ሳቀብኝ። «ልትማሩበት አይደል እንዴ!» አለኝ።

ማታ ቤት ገብተን ጫንነው። አራት ጊጋ ራም ያለው ላፕቶፓችን ፋኑ ሄሊኮፕተር ሆነ። ለካ ራውተሩ ሥራ ሲፈታ እረፍት እንዲያደርግ «አይድል ፒሲ» የሚባል ቁጥር ካልተሰጠው ፕሮሰሰሩን መቶ በመቶ ይበላል። እሱ ሲስተካከል ሦስቱ ራውተሮች ተነጋገሩ። ወንድሜ ከደስታው ብዛት እንቅልፍ አልወሰደውም።

ችግሩ የመጣው ከወር በኋላ ነው። ለአንድ መሥሪያ ቤት ኢንተርንሺፕ አመልክቶ ለቃለ መጠይቅ ተጠራ። ላፕቶፑን ከፍቶ ላቡን አሳየ። ጠያቂው በደንብ አዩለትና በመጨረሻ «ጎበዝ። ኢሜጁን ከየት አመጣኸው?» አሉት። መልስ አጣ። አልጠሩትም። በዚያ ይሁን በሌላ ምክንያት እስከ ዛሬ አናውቅም፤ ልጁ ግን ቤት ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም።

ያኔ ነው እኔም ነገሩን ማንበብ የጀመርኩት። የሲስኮ ፈቃድ ሶፍትዌሩ በሌላ ማሽን ላይ እንዲሠራ አይፈቅድም፤ ኢሜጁንም በሕጋዊ መንገድ ለማውረድ የአገልግሎት ውል ያስፈልጋል። የኛው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ሥራ ይጠብቃል፤ «ለግሌ ነው የቀዳሁት» የሚለው መከላከያም ለፕሮግራም እንደ ሌላው አይሠራም። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ያስደነገጠን ሌላ ነው። ሲስኮ ለየፋይሉ የማረጋገጫ ኮድ ያወጣል። የኛን ሦስት ፋይሎች ከዚያ ጋር ስናስተያይ አንዱ አልገጠመም። ሲቀዳ ተበላሽቶ ይሁን ሰው ነክቶት፣ ማን ያውቃል?

የፍላሹን ልጅ መውቀስ ግን አልቻልኩም። አንድ ፋይል አንዴ ከተሠራ በኋላ ሁለተኛውን ቅጂ ማውጣት ወጪው ዜሮ ነው፤ ዋጋው ግን በዶላር ይተመናል። ሲስኮ ራሱ የሚሸጠው የቤት ላብ በዓመት 199 ዶላር ነው። ፈተናው 300 ዶላር። ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በፊት አንድ ዶላር ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፈተናው ያው ፈተና ነው፤ ከ17 ሺህ ብር ተነስቶ ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። ብሩ ቢገኝስ በየትኛው ካርድ ነው የሚከፈለው? እንዲህ ባለ ገበያ ውስጥ ፍላሽ የሚጭን ሰው ባይኖር ነበር የሚገርመኝ።

ደግሞ በነፃ የሚገኝ ሕጋዊ ነገር ሞልቷል፤ እኛ ነን ያልፈለግነው። ሲስኮ ፓኬት ትሬሰርን በነፃ ይሰጣል። እሱ እውነተኛ አይኦኤስ አይደለም፣ ውስጡ የተጻፉለትን ትዕዛዞች ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ለሲሲኤንኤ ግን ከበቂ በላይ ነው። አምስት ራውተር ድረስ የሚያሠራ ነፃ የቤት ላብም አለው፤ የኛ ላፕቶፕ ግን አቅሙ አልፈቀደም። ማይክሮቲክም ራውተሩን ለቨርቹዋል ማሽን በነፃ ያቀርባል፤ ፍጥነቱን 1 ሜጋቢት ላይ ይገድበዋል እንጂ ለልምምድ ምን ያደርጋል ፍጥነት? ወንድሜን የማረከው ግን ኤፍአርአር ነው። ኮዱ ክፍት የሆነ፣ ሊነክስ ላይ የሚሠራ፣ ትዕዛዞቹ ከሲስኮ ጋር መንታ የሚመስሉ። «ሾው አይፒ ኦኤስፒኤፍ ኔበር» ብሎ ሲጽፍ ያው የለመደው ዝርዝር ወጣለት። ፋኑም ዝም አለ።

ባለፈው ሳምንት መርካቶ ሌላ ዕቃ ፈልገን ሄደን እዚያው ሱቅ ጎራ አልን። ወንድሜ ያ ፋይል እንዳልሠራ ነገረው፤ ገንዘብ ይመልሳል ብለን አልጠበቅንም፣ አልመለሰምም። ስለ ኤፍአርአር ሲያወራለት ግን ልጁ ጆሮውን አቆመ።

«ይሄኛው ነፃ ነው? እኔ ብሸጠውስ?»

«ትችላለህ» አለው ወንድሜ። «ፈቃዱ ጂፒኤል ነው፤ ቅጂውን መሸጥ አይከለክልም። ምንጭ ኮዱን ግን አብረህ ትሰጣለህ።»

ልጁ ኬብሉን እየሰካ «ሁለቱንም ገልብጥልኝ» አለ። አሁን የምንነጋገረው ስለ ዋጋው ነው፤ እሱ 100 ብር ይላል፣ ወንድሜ ለተማሪ 50 ይበቃል ባይ ነው።