የተናቀው ሲጠቅም፤ ዝንብን ስለ ማርባት

በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት የሚያገለግል ወዳጄ ደመወዙን ለመደጎም ሲል ሃያ ዶሮዎች ገዝቶ በግቢው ማርባት ጀመረ። ዶሮዎቹ እንቁላል መጣላቸውን አላቋረጡም፤ ነገር ግን የመኖው ወጪ ከእንቁላሉ ገቢ እየበለጠ ስለ ሄደ ስድስት ወር ሳይሞላ ሁሉንም ሸጣቸው። «ዶሮዎቹ ያበሉኛል ስል እኔው የእነሱ ቀላቢ ሆኜ ቀረሁ» ያለኝ ቃል ከአሳቤ አልወጣም።

ዶሮ እንቁላል እንድትጥል ገንቢ ምግብ፣ ማለት ፕሮቲን ያስፈልጋታል። በመኖ ውስጥ ይህን የሚሰጡት አኩሪ አተር፣ የኑግ ፋጉሎና የዓሣ ዱቄት ሲሆኑ፣ የመኖውን ዋጋ የሚያከብዱትም እነዚሁ ናቸው። ታዲያ ርካሽ ምትክ አይገኝምን?

በዘመናችን ሊቃውንት ከሰጧቸው መልሶች አንዱ ሲሰሙት ያስቃል፤ ዝንብን ማርባት! ይሁን እንጂ ከመሳቃችን በፊት አባቶቻችን ንብን በቀፎ ሲያነቡ መኖራቸውን፣ ቻይናዎችም ከጥንት ጀምሮ የሐር ትልን እንደ ከብት እየቀለቡ ሐር ማውጣታቸውን እናስታውስ። ነፍሳትን ማርባት አዲስ ነገር አይደለም።

ይህች ዝንብ «ጥቁር ወታደር ዝንብ» ትባላለች። የትውልድ አገሯ አሜሪካ ሲሆን ዛሬ በብዙ ሞቃት አገሮች ትገኛለች። ከቤት ዝንብ ጋር ግን አታምታቷት። ክንፍ ካወጣች በኋላ አትናከስም፤ በምግባችንም ላይ አታንዣብብም። በእጭነቷ ጊዜ ባከማቸችው ስብ ጥቂት ቀናት ኖራ፣ ብዙ መቶ እንቁላል ጥላ ትሞታለች። በአራት ቀን ገደማ የሚፈለፈለው እጭ፣ ማለት ትሉ፣ ሆዳም ነው። የአትክልት ልጣጭ፣ የበሰበሰ ፍሬ፣ የጠላ አተላ ሳይል ያገኘውን እየበላ በሁለት ወይም በሦስት ሳምንት ይወፍራል። ደርቆ ሲመዘን ከክብደቱ 40 ከመቶ ያህሉ ፕሮቲን ነው። ከእጩ የሚተርፈው ዝቃጭም ለማሳ ማዳበሪያ ይሆናል።

ሥራው በወሬ ብቻ የቀረ አይደለም። ኬንያዊው ሊቅ ቶማስ ኦዲያምቦ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 በናይሮቢ ያቋቋሙት ዓለም አቀፍ የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ዝንቧን ስለ ማርባት ምርምር ከማድረጉም በላይ ገበሬዎችን ያሠለጥናል። የአውሮፓ ኅብረትም በ2021 የነፍሳት ፕሮቲን ለዶሮና ለአሳማ መኖ እንዲውል ፈቅዷል። በታይላንድ ደግሞ ፌንጣን ለሰው ምግብ የሚያረቡ ገበሬዎች 20,000 ያህል መድረሳቸውን የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2013 ገልጿል። እኛ ፌንጣ በመሶባችን ይቅረብ አንልም፤ ለዶሮ ግን ትል ጥንቱንም ምግቧ ነው።

ነገሩ ከእንቁላል ዋጋም ያልፋል። በ2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከአንድ መቶ በላይ ወገኖቻችንን እንደ ፈጀ አንረሳም። ከየቤታችን ከሚወጣው ጥራጊ አብዛኛው የሚበሰብስ ነው። ይህ ተለይቶ ለእጩ ቢቀርብለት፣ ክምር የሚሆነው መኖ በሆነ ነበር።

ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እጩ በሚበላው ቆሻሻ ውስጥ እንደ ካድሚየም ያለ መርዛም ብረት ካለ በገላው ያጠራቅመዋልና፣ የፋብሪካ ዝቃጭና ያልተለየ ቆሻሻ ሊሰጠው አይገባም። ለዶሮ ከመቅረቡ በፊትም በፈላ ውኃ ተነክሮ በሚገባ መድረቅ አለበት። ደግሞም ዝንቧ ሙቀትና ብርሃን ትወዳለች፤ 30 ዲግሪ አካባቢ ይስማማታል። ስለዚህ ሌሊቱ በሚቀዘቅዝበት በደጋ ሥራው ይከብዳል፤ እንደ አዳማና እንደ ሐዋሳ ባሉ ከተሞች ግን ይቀልላል።

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ የሕይወት ሳይንስ የምትማሩ ወጣቶች፣ በየመሥሪያ ቤቱም የምትገኙ ወንድሞችና እኅቶች፣ ነገሩን በትንሹ መርምሩት። ከገበያ የሚጣለውን ልጣጭ፣ የአካባቢያችሁን ሙቀት፣ የመኖውንም ዋጋ መዝግባችሁ አመዛዝኑ። ያ ወዳጄም ባዶውን የዶሮ ቤት ገና አላፈረሰውም፤ ይህን ጽሑፍ ሳነብለት መጀመሪያ ሳቀ፤ ኋላ ግን እጩ በሳምንት ስንት ኪሎ ልጣጭ እንደሚበላ ጠየቀኝ።