አሞኒያው ሳይወጣ ዘር አይዘራም

ኦይስተር እንጉዳይ ሲያመርቱ ቆይተው ነጋዴው «በተን» ወደሚለው ወደ ነጩ ድቡልቡል እንጉዳይ የሚሻገሩ ሰዎች መጀመሪያ የሚፈተኑት በኮምፖስቱ ነው። ለኦይስተር ተነክሮ በእንፋሎት የታጠነ ጭድ ይበቃዋል። በተን ግን ጥሬ ጭድ ላይ አይሆንለትም፤ ሙቀት ወዳድ ረቂቅ ሕዋሳት አስቀድመው ያብላሉለትን ይፈልጋል። ምርት ሲያንስ ዘሩን የሸጠልንን ሰው ለመውቀስ እንቸኩላለን እንጂ ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ክምሩ ውስጥ ነው።

የተለመደው ቅልቅል የስንዴ ጭድ፣ የዶሮ ኩስ፣ ጂፕሰምና ውሃ ነው። በደረቅ ክብደት ሲለካ ናይትሮጅኑ ከ1.5 እስከ 1.8 በመቶ፣ ካርቦኑ ደግሞ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን 30 እጅ ያህል ቢሆን ሥራው በደህና ይጀምራል። አስቸጋሪው ኩሱ ነው። ሰጋቱራ ከተነጠፈበት የዶሮ ቤት የወጣውና ከኬጅ ሥር የተጠረገው በናይትሮጅን ይዘታቸው በጣም ይለያያሉ፤ በየጊዜው ከተለያየ ቦታ እየገዙ ያንኑ ያህል ኩስ መጨመር በጭፍን መሥራት ነው። ናሙና ማስመርመር ያስወጣል፣ የከሰረ ዙር ግን የበለጠ ያስወጣል። ጂፕሰሙ ጭዱ እንዳይላቆጥና አየር እንዲያልፍበት ያደርጋል። በኖራ ልተካው ማለት አያዋጣም፤ ኖራ ፒኤቹን ከፍ አድርጎ ናይትሮጅኑን በአሞኒያ መልክ ያባርረዋል።

ደረቅ ጭድ ላዩ ሰም ስላለው ውሃ ቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ከመከመሩ በፊት ለጥቂት ቀናት እያራሱ ማገላበጥ ይገባል። ክምሩ ሲጀመር እርጥበቱ ከ70 እስከ 75 በመቶ ይሁን። የመሐሉ ሙቀት ከ70 እስከ 80 ዲግሪ ሲደርስ ጠርዙና ሥሩ ገና ቀዝቃዛ ናቸው፤ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ቀኑ ሲገለበጥ የውጩ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። ከሥሩ ጠቁሮ የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ውሃ በዝቶ አየር አጥሯል ማለት ነው።

ብዙ ሰው የሚቸኩለው ግን ከዚህ በኋላ ባለው ሥራ ነው። ኮምፖስቱ ወደ ዝግ ክፍል ገብቶ ከ58 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፤ ይህ የዝንብ እንቁላልን፣ ጥቃቅን ትሎችንና ጎጂ ሻጋታዎችን ይገድላል። ከዚያ ንጹህ አየር እየተሰጠው ከ45 እስከ 48 ዲግሪ ላይ ለቀናት ይያዛል። በዚህ ጊዜ ሙቀት ወዳዶቹ ሕዋሳት የቀረውን አሞኒያ እየበሉ የገዛ አካላቸው ያደርጉታል፤ በኋላ የእንጉዳዩ ክር የሚመገበውም ይህንኑ ነው። አሞኒያው ሳያልቅ ክፍሉን ያቀዘቀዘ ሰው ምግቡን አሳጥቶ መርዙን አስቀረ።

አልቋል የሚባለው በክፍሉ አየር ውስጥ ከ10 ፒፒኤም በታች ሲወርድ ነው። መለኪያ ቢኖር ጥሩ። ከሌለ እዚያ ሲሠራ የዋለ ሰው አይሽተት፤ አፍንጫው ለምዶታል። ከውጭ የመጣ ሰው እፍኝ አንስቶ ያሽትተው። ዓይንና አፍንጫን ካቃጠለ ገና ነው። የደረሰው ቡናማ ሆኖ እዚህም እዚያም አመድ የነሰነሱበት ይመስላል፤ ሲጨብጡት መዳፍን ያረጥባል እንጂ ውሃው አይወርድም።

ከተዘራ በኋላ የሚበቅለው ባዕድ ነገርም የት እንደተሳሳትን ይናገራል። ቀጭን ግንድ ያለው፣ በአንድ ቀን ጠቁሮ እንደ ቀለም የሚፈስ እንጉዳይ ከታየ አሞኒያ ተርፎ ነበር። በጭዱ ላይ እንደ ጥቃቅን ፍሬ የሚጣበቅ ወይራማ አረንጓዴ ሻጋታ ከመጣ ደግሞ በዝጉ ክፍል ውስጥ ሙቀቱ ከልክ አልፎ አየር አንሶ ነበርና ከሚቀጥለው ዙር በፊት የሚፈተሸው የአየር ማስገቢያውና ኮምፖስቱ ክፍሉ ውስጥ የታጨቀበት መጠን ነው።