ከበግ ጥርስ በታች፦ አንድ እግር ሳር እንዴት ይሠራል?

ከጅግጅጋ እስከ ደምበል ባለው አገር፣ ጂላል፣ ደረቁ ወቅት፣ ሲጠነክር የግቢው ጥግ ሳር ግራጫ ሆኖ ይከርማል። በግ ጫፉን ቀንጥሶት ያልፋል፣ አህያ ይረግጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። «ይሄማ አልቆለታል» የማይል የለም። መጋቢት አልቆ የጉ ዝናብ አንድ ሁለቴ ካረፈበት ግን ሳምንት ብዙም ሳያልፍ ያው እግር አረንጓዴ አውጥቶ ይቆማል። የዘራው የለ፣ ያጠጣው የለ።

ጠዋት ሻያችሁ ላይ የምትጨምሩት ወተት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ነው። ግመል ከዛፍ ይቀጥፋል፣ ፍየልም ቁጥቋጦ ታዘወትራለች፤ ላምና በግ ግን ያለ ሳር አይሆንላቸውም። እስቲ ዛሬ ጎንበስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ የቱን ሳር እንደያዛችሁ እወቁ። ጤፍም ሳር ነው፤ ይበቅላል፣ ያፈራል፣ ይሞታል፣ ለከርሞ የሚተወው ዘሩን ብቻ ነው። ሌላው ዓይነት ከዚያው ከአሮጌ ሥሩ ዓመት ከዓመት የሚያቆጠቁጠው ቋሚ ሳር ነው። ለመለየት መጽሐፍ አያሻም፤ ጨብጣችሁ ሳቡት። የአንድ ዝናቡ ሳር ከነሥሩ እጃችሁ ላይ ይቀራል። ቋሚው ንቅንቅ አይልም፤ ብትታገሉት የሚቆረጠው እጃችሁ ነው። (ቅጠሉ ውስጥ ሲሊካ አለ፤ አሸዋም ብርጭቆም የሚሠሩበት ነገር ነው።)

አሁን ማርከር ፈልጉ። ዝናብ ከጣለ በኋላ ገና በማደግ ላይ ያለ አንድ ለጋ ቅጠል ምረጡና ከታች እስከ ላይ በእኩል ርቀት ነጥብ ነጥብ አድርጉበት። ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ተመልሳችሁ እዩት። ነጥቦቹ እርስ በርስ አልተራራቁም፤ ሁሉም እንዳሉ ተያይዘው ወደ ላይ ወጥተዋል። ከሥራቸው ደግሞ ነጥብ ያልነካው አዲስ ቅጠል ብቅ ብሏል።

ቅጠሉ የሚያድገው ከጫፉ ሳይሆን ከግርጌው ነው ማለት ነው። እንደ ፀጉራችን ነው፤ ማደጊያው ከቆዳው ሥር ስለሆነ ጫፉን ፀጉር አስተካካይ ቢቆርጠውም ከታች መምጣቱን አያቆምም። የሳሩም ማደጊያ ከመሬት ጋር ተጣብቆ፣ በአሮጌ ቅጠል ተሸፍኖ፣ የበግ ጥርስ ከሚደርስበት በታች ተቀምጧል። የቃሪያ ችግኝ ጫፉን ፍየል ስትቀጥፈው ማደጊያውን ነው ይዛበት የምትሄደው፤ ከጎን እንደገና እስኪያቆጠቁጥ ይከርማል።

ታዲያ ሳር እንዲህ ብልህ ከሆነ መሬታችን ለምን ራሰ በራ ሆነ?

ምክንያቱም ከማደጊያው ጎን ስንቅም አለ። ሳሩ በደጉ ቀን የሠራውን ስኳር ከፊሉን በአገዳው ግርጌና በሥሩ ያስቀምጣል። ቅጠሉ ሲበላበት የመጀመሪያዎቹን አዲስ ቅጠሎች የሚያወጣው ከዚያ እየቀነሰ ነው። አዲሶቹ ቅጠሎች ጠንክረው ስንቁን እስኪመልሱ ሳምንታት ይፈጃል። በዚያ መሃል እንደገና ከተጋጠ፣ ከዚያም እንደገና፣ ሥሩን ማኖር ያቅተዋል። ሳሩን የሚገድለው መበላቱ ሳይሆን ፋታ ማጣቱ ነው።

ይህንንም ሞክሩት። እኩያ የሆኑ ሁለት የሳር እግሮች ምረጡ። አንዱን በየሳምንቱ ከመሬት አስጠግታችሁ እጨዱት። ሁለተኛውን በወር አንዴ ብቻ፣ የመዳፍ ወርድ ያህል እየተዋችሁለት እጨዱ። ዝናቡ ሲያበቃ ሁለቱንም በአካፋ ቆፍራችሁ አውጡና ሥራቸውን ጎን ለጎን አጋድሙት። ከዚያ በኋላ ስለ ግጦሽ ማንም ሊሰብካችሁ አይገባም። ቦረናዎች ለጥጆች ብለው ሳር ከልለው የሚያቆዩበት ካሎ፣ የጅግጅጋ ሜዳ ገበሬዎችም አጥረው የሚያሳድሩት ሳር ይኸንኑ ፋታ የሚሰጡ ናቸው።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ያንኑ እግር ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዩት፤ ቀን 7 ሰዓት ላይ ደግማችሁ እዩት። ጠዋት የተዘረጋው ቅጠል ቀትር ላይ ተጠቅልሎ ወይም ለሁለት ታጥፎ ታገኙታላችሁ። በቅጠሉ ገጽ ላይ ውሃ የሞላባቸው ትልልቅ ሕዋሳት ተደርድረዋል፤ ውሃቸው ሲጎድል ይኮማተሩና ቅጠሉን ይስቡታል። ያኔ ፀሐይና ነፋስ የሚያገኘው ገጽ ይጠብባል፣ የሚተነውም ውሃ ይቀንሳል። አንድ ቅጠል ቀጥፋችሁ ፀሐይ ላይ ብታኖሩት ዓይናችሁ እያየ ሲጠቀለል ትደርሱበታላችሁ፤ ቶሎ ካላችሁ ግርጌውን ብርጭቆ ውሃ ውስጥ ስትነክሩት መልሶ ይዘረጋል።

ከዚህ የረቀቀውን ግን በዓይን አታዩትም። ማንኛውም ተክል ምግቡን ለመሥራት ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈልጋል፤ ያን ለማስገባት ቀዳዳውን ሲከፍት ውሃው ይወጣበታል። በቆላ የሚኖሩት አብዛኞቹ ሳሮች፣ ከነዘመዶቻቸው ከማሽላ፣ ከበቆሎ፣ ከሸንኮራ አገዳና ከጤፍ ጋር፣ ጋዙን ሰብስቦ ወደ ውስጥ የሚገፋ ተጨማሪ ፓምፕ አላቸው። ስለዚህ ቀዳዳውን ገርበብ አድርገው ይሠራሉ። ስንዴና ገብስ ይህ የላቸውም። ከመቶ ዓመት በፊት አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ልኬት አንድ ኪሎ ደረቅ ክብደት ለመሥራት ማሽላ ወደ 300 ሊትር፣ ስንዴ ደግሞ ወደ 500 ሊትር ውሃ ነበር የሚያስፈልጋቸው። ጅግጅጋ ዙሪያ ስንዴ የዘራ ሰው ዝናብ ሲዘገይበት ልዩነቱን በኪሱ ያውቀዋል።

ለእኔ ከሁሉም የሚያስደንቀው ግን ከመሬት በታች ያለው ነው። ለዚህ ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ቆርቆሮዎች ያስፈልጋሉ። መቼም ኒዶ የሌለበት ቤት የለም። ክዳኑንም ቂጡንም አውጡለትና ቱቦ ይሁን። አንዱን ከሳሩ እግር አጠገብ፣ ሌላውን ሰውና ከብት በሚመላለስበት ራቁት መንገድ ላይ አስቀምጡ። እንጨት ደፍታችሁበት በመዶሻ ቀስ እያላችሁ ሁለት ጣት ያህል ወደ መሬት አስገቡት። በየቆርቆሮው እኩል ሦስት የሻይ ብርጭቆ ውሃ ጨምሩና የስልካችሁን ሰዓት ክፈቱ።

ከሳሩ ጎን ያለው ውሃ ሲወርድ ታዩታላችሁ። የመንገዱ ውሃ ላዩ ላይ ተኝቶ ሰማይ ሲያይ ይቆያል። ሻይ አፍልታችሁ ብትመለሱም ምናልባት እዚያው ነው።

ምን ሆነ? የሳር ሥር በየዓመቱ ከፊሉ ይሞታል፤ የሞተው ሲበሰብስ በቦታው ቀጭን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ምስጥና ጉንዳን የራሳቸውን ይጨምሩበታል። ከላይ ያለው ቅጠልና ገለባ ደግሞ የዝናቡን ጠብታ ይቀበለዋል። ራቁት አፈር ላይ ጠብታው ሲያርፍ አፈሩን ይፈረካክሰዋል፤ የላመው አፈር ቀዳዳዎቹን ይደፍንና ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል። ቀጣዩ ዝናብ የሚያገኘው የተለሰነ ወለል ነው።

እንግዲህ ያቺን አንዲት ቆርቆሮ በካራማራ ተራራ ግርጌ ሙሉ አስፉት። ከተራራው የሚወርደው ዝናብ የሚሰርግበት ካጣ ወደ ፋፈን ወንዝ ይሮጣል፤ እግረ መንገዱን ቦይ ይቆፍራል፣ አፈሩንም በየቢርካው (በየውሃ ማጠራቀሚያው) ደለል አድርጎ ያራግፈዋል። ድርቅ የምንለው ነገር ሁሉ ዝናብ መጥፋት አይደለም፤ የዘነበውም ሳይሰርግ ሄዶብን ነው።

እሺ፣ የትኛውን ሳር እንትከል? በሀውድ ሜዳ የሶማሌ አርብቶ አደር ዳረሞ የሚለው ሳር አለ። ወገኑ (ጂነሱ) ክሪሶፖጎን ነው፤ ከብት ይወደዋል፣ ጠብ ካለ ዝናብ ቶሎ ያቆጠቁጣል። ቬቲቨር የሚባለው ዝነኛው የአፈር ጠባቂም የእሱ ዘመድ ነው፤ እሱም ክሪሶፖጎን ነው። ትውልዱ ህንድ የሆነው ቬቲቨር ወደ ጅማ ቡና ምርምር የደረሰው በ1970ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲሆን፣ በቡና ማሳ ዳር ሰርዶ እንዳይገባ አጥር አድርገው ተክለውታል። ኋላም በኢሉባቦር በኩል ለእርከን ተስፋፋ። ሥሩ በተመቸው መሬት በመጀመሪያው ዓመት ብቻ 3 ሜትር ሊወርድ ይችላል። ዘሩ ስለማይበቅል የሚተከለው በግንጣይ ነው፤ ይህም ደግነቱ ነው፣ ካልተከሉት አይዛመትም።

ለጅግጅጋ ጎርፍ ቦይ አፍ ቬቲቨር ጥሩ ነው፤ እስኪይዝ ድረስ ግን ውሃ ይፈልጋል፣ ሲያረጅም ከብት ፊቱን ያዞርበታል። ለመኖ ከሆነ የእኔ ምርጫ ዳረሞና በፈል ነው። በፈል የአገራችን ቆላ ሳር ነው፤ ቦረናዎች መታ ጉዴሳ ይሉታል። በዓመት 300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ባለበት ይኖራል፣ ሥሩም ከ2 ሜትር በላይ ይወርዳል። አውስትራሊያ የገባው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከግመል ነጂዎች ጋር፣ በግመል ኮርቻ ውስጥ በተጎሰጎሰ ገለባ ተደብቆ ነው ይባላል። እዚያ የከብት አርቢው ሲወደው የዱር እንስሳት ጠባቂው ይረግመዋል፤ እየተዛመተ እሳት ያቀጣጥላል። እዚህ ግን አገሩ ነው፤ የሚበላውም ብዙ ነው።

ዘሩን ስትሰበስቡ ካልሲያችሁና የቀሚሳችሁ ጠርዝ ላይ የሚሰካውን የጎረቤት ሳር ዘር አትጣሉት። የተጠማዘዘ ጭራ ያለው ካገኛችሁ ሰሃን ላይ አድርጉና አንድ ጠብታ ውሃ ጣሉበት። ጭራው ይዞራል! ሲርስ ይፈታል፣ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ በዚህ መዞር ነው ዘሩ ራሱን ወደ መሬት የሚሰረስረው። ሞተር የለው፣ ሕይወትም አያስፈልገውም፤ የሞተ ጭራ ነው የሚሠራው።

የበፈል ዘር ትኩሱን ብትዘሩት አይበቅልም ብላችሁ ታማርራላችሁ፤ ከተሰበሰበ በኋላ ወራት መተኛት ይፈልጋል። 20 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላችሁ ሙቅ ቦታ አኑሩና በሳምንት፣ በአሥር ቀን ቁጠሩ፤ ስንቱ እንደነቃ ከዚያ ታውቃላችሁ። ስትዘሩ ጥልቅ አትቅበሩት፤ ላዩን ቧጠጥ፣ ብትን፣ ረገጥ ረገጥ ማድረግ ይበቃል። የጉ ወይም የካራን ዝናብ ሊገባ ሲል፣ ሁለት ሦስት ርምጃ የሚሰፋ ግማሽ ጨረቃ እርከን ሠርታችሁ አፉን ወደ ዳገቱ አድርጉት፤ የሚወርደው ውሃ እዚያ ይታገታል። ቅርፊት የሠራውን መሬት ሳትነኩ ብትበትኑ ግን ጉንዳን መቀለብ ነው። የመጀመሪያውን ዓመት ዘሩን እስኪያራግፍ ከብት አታስነኩት። ባዶ ከተዋችሁት ደግሞ ቅንጨ አረም ቀድሞ ይገባበታል፤ እሱን የሚበላ ከብት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው።

አጨዳው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሳሩ ትልቅ እስኪሆን ይጠብቅና አገዳ ይሰበስባል። ማበብ ሲጀምር እጨዱት፤ ያኔ ነው ቅጠሉም ገንቢውም ያለው። ፀሐይ ላይ ብዙ አታክርሙት፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ጥላ ይግባ።

ለመከመር መድረቁን ደግሞ ወጥ ቤታችሁ ይነግራችኋል። ከድርቆሹ እፍኝ ቆራርጣችሁ ክዳን ባለው ደረቅ ማሰሮ ወይም ጠርሙስ ውስጥ ከአንድ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጋር ጨምሩና ደህና አድርጋችሁ ናጡት። ጨው እንደ ገባ ብትን ብሎ ከወጣ ከምሩት። ከተያያዘ ወይም ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ ሳሩ ውስጥ ገና እርጥበት አለ፤ ቢከመር ይሻግታል፣ ይግላልም። አንድ ቀን ጨምሩለትና በአዲስ ጨው ደግማችሁ ናጡት።