የመተሐራው ጥቁር ድንጋይ

ከአዳማ ወደ አዋሽ የሚሄድ መንገደኛ ወለንጪቲን አልፎ መተሐራ ሊደርስ ሲል በመስኮት የሚያየው ነገር መጀመሪያ የመንገድ ሥራ ትራፊ ይመስለዋል። አንድ ሥራ ተቋራጭ አስፋልቱን ደፍቶ የሄደ ነው የሚያስመስለው። ጥቁር፣ የተሰባበረ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተከመረ ድንጋይ ወደ ፈንታሌ ተራራ እግር ይዘልቃል። ተሳፋሪው አንዴ አየት አድርጎ ወደ ስልኩ ይመለሳል። ጉዞው ወደ አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ቢሆን እንኳ በልቡ ያለችው ሳላ ናት። ሳላዋን ካላዩ ቀናቸው እንደከሰረ የሚቆጥሩ ጎብኚዎች ሞልተዋል፤ ድንጋዩ ግን ሰው ሲመጣ አይሸሽም።

ሰው ድንጋይ ሲያይ የዓለም መፈጠር ትዝ ይለዋል። የመተሐራው ግን ለጋ ነው። በ1812 ዓ.ም. ገደማ፣ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሸዋን በሚገዙበት ዘመን፣ ገና የሚፈስ እሳት ነበር። የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ተፈልፍለው ካለቁ ስድስት መቶ ዓመት ገደማ አልፎ ነው ይህኛው ድንጋይ የሆነው። እሳቱ የወጣው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ከተራራው ጫፍ አልነበረም። በደቡብ ጎኑ አራት ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፈተና ቅልጥ ዐለቱ በዚያ በኩል ገንፍሎ ወጣ። ላዩ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ሆዱ ገና ይፈስ ስለነበር ቅርፊቱ እየተሰባበረ ተገላበጠ፤ ዛሬ በላዩ መራመድ የሚያስቸግረው በዚህ ምክንያት ነው። አንዱን ስባሪ አንስቶ ያየ ሰው ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ ሆኖ ያገኘዋል። የእንጀራ ዓይን ማለት ነው፤ ምጣዱ ላይ እንፋሎቱ ሊጡን ቀዶ እንደሚወጣ፣ እዚህም ጋዙ ከቅልጡ ሲያመልጥ ዓይኑን ትቶ ሄዷል።

ፈንታሌ ራሱ ከዚህ ፍሳሽ በብዙ የሚበልጥ ሽማግሌ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,007 ሜትር ይደርሳል፤ ጫፉ ግን የለም። ከ170 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት በሆዱ የነበረውን ትኩስ አመድና ጋዝ በአንድ ጊዜ ተፋው፤ ሥሩ ባዶ የቀረው ጣሪያም ወደ ውስጥ ተደረመሰ። የቀረው ጎድጓዳ 2.5 በ4.5 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ግድግዳው እስከ 500 ሜትር የሚደርስበት ቦታ አለ። ከስንጥቆቹ ዛሬም እንፋሎት ይወጣል። በየጎኑ እንደ ጠርሙስ የሚያብለጨልጭ ባልጩት ይገኛል። እኔን ከሁሉም የሚገርሙኝ ግን ተራራው ዙሪያ ያሉት እብጠቶች ናቸው። ያ ትኩስ አመድ ሜዳ ላይ ተኝቶ ሲጋገር ከሥሩ የታፈነው ጋዝ ቅርፊቱን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው፤ አንዳንዱ ፈርሶ ሲከፈት ውስጡ ዋሻ ሆኖ ተገኝቷል።

ከጥቁሩ ድንጋይ ጥግ በሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። ተኝቷል ማለቴ ለወጉ ነው እንጂ በ1950ዎቹ ወደ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር የነበረው ውኃ ከ40 በላይ ሆኗል። የጅቡቲ መንገድና አሮጌው የባቡር ሐዲድ በእሱ የተነሳ ከፍ እየተደረጉ መጥተዋል። ለምን እንደሚያድግ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ገሚሶቹ የአካባቢውን የመስኖ ውኃ፣ ገሚሶቹ ከሥር የሚመነጨውን ይከስሳሉ። ነጭ ሰማይ፣ አረንጓዴ ውኃ፣ ጥቁር ድንጋይ፤ ለፎቶ አንሺ ከዚህ የተሻለ ቦታ በዚያ መንገድ ላይ አላውቅም።

የሐይቁ ማደግ ቢያከራክርም የእሳቱ ምክንያት አንድ ነው። ተራራው የቆመበት ስምጥ ሸለቆ በየዓመቱ ወደ አምስት ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ ጥፍራችን በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል ቢሆን ነው። ትንሽ ነው፤ ሲጠራቀም ግን ይመጣል። በ2017 ዓ.ም. መስከረም የጀመረው መንቀጥቀጥ አዳማንም አዲስ አበባንም ከእንቅልፍ ቀስቅሷል። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ ከፈንታሌ በስተሰሜን በዶፈን ተራራ አካባቢ እንፋሎትና ጭቃ ከመሬት ፈነዳ፤ የካቲት ላይ ደግሞ መጠኑ ወደ 6 የሚደርስ ርዕደ መሬት መታ። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀያቸውን ለቀቁ፤ ቤትና እርሻ ተሰነጠቀ። ቅልጥ ዐለቱ ግን እንደ 1812ቱ ወደ ላይ አልወጣም፤ ከመሬት በታች ስንጥቅ ከፍቶ ወደ ጎን ሄደ።

ለማየት የሚሄድ ሰው በጠዋት ይሂድ። ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ድንጋዩ ምጣድ ይሆናል። ነጠላ ጫማ አያዋጣም፤ ሶሉ የጠነከረ ጫማና ከሚታሰበው በላይ ውኃ ያስፈልጋል። ወደ ፈንታሌ ጎድጓዳ አፋፍ ለመውጣት ጠንካራ መኪና እና አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ግድ ነው፤ መሬቱ የከረዩ አርብቶ አደሮች ግጦሽ ስለሆነ መንገዱንም ወጉንም የሚያውቁት እነሱ ናቸው። መንቀጥቀጥ ይኖር እንደሆነ ከመነሳት በፊት መጠየቅ አይከፋም። ፓርኩ በ1958 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ በሩ ከመተሐራ ወደ አዋሽ በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር ይገኛል። ጊዜ ከተረፈ የአዋሽ ፏፏቴ አለ፤ ውኃው የሚወድቅበትን ጥቁር ደረጃ ልብ ብሎ ላየ ያው የእሳቱ ዘመድ ነው። ሳላዋም አመሻሽ ላይ ሜዳው ውስጥ አትጠፋም።